ዘግይቶ የሚገለጥ የሥራ በሽታና የአንድ ዓመት ይርጋ



አስቤስቶስ ሳንባን የሚጎዳው ቀስ ብሎ ነው። ብናኙን ተንፍሶ በሳንባ ሽፋን ካንሰር የሚያዝ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የሚገለጥበት ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ልዩ ጊዜ ላልተወሰነለት የሥራ ክርክር የሰጠው የይርጋ ዘመን አንድ ዓመት ብቻ ነው። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ስላለው ክፍተት ነው።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ቢቸናና ሞጣ የሚታወቁት በእርሻ እንጂ በፋብሪካ አይደለም። ሆኖም ሁለቱም ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸውና ወጣቱ በአንዱ አቅጣጫ ወደ አዲስ አበባ፣ በሌላው ወደ ባሕር ዳር ለሥራ ይወጣል፤ ሲታመም ደግሞ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። በአገራችን በጥናት ከታወቁት የፋብሪካ የሳንባ በሽታዎች አንዱ ከጥጥ ብናኝ የሚመጣው ቢሲኖሲስ ነው። የጥጡም ሆነ የአስቤስቶሱ ሕመምተኛ የሚቆመው በአንድ ሕግ ፊት ነው።

ሕጉ ሦስት በሮች ይከፍታል። የመጀመሪያው የአዋጁ አንቀጽ 96 ነው፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ምክንያት ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ይሆናል። ሠራተኛው የሕክምና ወጪው ይሸፈንለታል፤ ለጊዜው መሥራት ካልቻለም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያም ለስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ሁለተኛው በር ጡረታ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የሠራ ሰው የአገልግሎት ማስረጃውን በጥንቃቄ ሊይዝ ይገባዋል። ሦስተኛው አሠሪው ጥፋተኛ ሲሆን የሚከፈት ነው፤ ለምሳሌ አደጋውን እያወቀ መከላከያ ጭምብል ወይም የብናኝ መሳቢያ ካላቀረበ፣ ሠራተኛው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ተጨማሪ ካሣ መጠየቅ ይችላል። የዚህ ክስ ይርጋ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ሁለት ዓመት ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ዘመኑ ከመቼ ይቆጠር የሚለው ነው። አሠሪው «ከፋብሪካው ከወጣህ አሥር ዓመት አልፎሃል» ቢል መልሱ ከአዋጁ ውስጥ ይገኛል ብዬ አምናለሁ። ይርጋ መቆጠር የሚጀምረው በመብቱ ለመጠቀም ከሚቻልበት ቀን ቀጥሎ ካለው ቀን ነው። አንቀጽ 98ም በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም ሠራተኛው የሠራበትን ጊዜና በሽታው የተገለጠበትን ቀን ለያይቶ ያያል። ያልታወቀ በሽታ ሊጠየቅበት አይችልም፤ ስለዚህ ዘመኑ ሊቆጠር የሚገባው ሐኪም በሽታውንና ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት ለሠራተኛው ካሳወቀበት ቀን ነው። ተቃራኒው ትርጉም መብቱን ሳይወለድ ይቀብረዋል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ለሠራተኛ ከተረጋገጠው ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ መብት ጋርም አይስማማም።

ሌላው እንቅፋት የሕክምና ካርድ ነው። አንቀጽ 98 በአካባቢው ተዛማች ሆነው የሚገኙ በሽታዎችን ከሥራ በሽታ ያወጣል። የሚያስል ሠራተኛ በገጠር ጤና ጣቢያ በቅድሚያ የሚጠረጠረው በሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ካርዱ ላይም ይኸው ብቻ ከተጻፈ አሠሪው መከላከያ አገኘ ማለት ነው። ሐኪሙ ሕመምተኛውን «የት ሠርተሃል? በየትኛው ክፍል? ስንት ዓመት?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ቢመዘግብ፣ ያ አንድ መስመር ለችሎቱ ትልቅ ማስረጃ ይሆናል።

ሠራተኛው በሦስት ፋብሪካዎች ሠርቶ ከሆነስ? የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 በፌርቻይልድ ጉዳይ፣ በየተራ በብዙ አሠሪዎች ዘንድ ለአስቤስቶስ የተጋለጠ ሠራተኛ በሽታውን ያመጣው የማን ብናኝ እንደሆነ ለይቶ ማስረዳት እንደማይጠበቅበት ወስኗል። ያ ፍርድ እኛን አያስገድደንም። ይሁንና ለአንድ ጉዳት ብዙ ሰዎች ኃላፊ ሲሆኑ በአንድነት እንደሚጠየቁ የሚደነግገው የእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2155 ወደዚያው ሐሳብ ሊመራን ይችላል።

በነፃ የሕግ ድጋፍ የምታገለግሉ ተማሪዎች፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣላችሁ አስቀድማችሁ የቅጥር ደብዳቤውን፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ የጡረታ መዋጮ ማስረጃውንና አብረውት የሠሩትን ሰዎች ስም ጠይቁት። ከዚያም በሽታው የታወቀበትን ቀን በጽሑፍ ያዙ። ሠራተኛ በሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅምና ድህነቱ ከችሎት አያስቀረውም። የሚያስቀረው የቀን መቁጠሪያው ነው፤ እሱን መጠበቅ ደግሞ የእናንተ ሥራ ነው።