ስለ ሴቶች መከናነብ የተነገረ ቃል



ሴት በጸሎት ጊዜ ራስዋን የምትከናነበው ስለ ምን እንደ ሆነ ልጆች ዘወትር ይጠይቃሉ፤ ለጠየቀም መመለስ ይገባል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በፊተኛው መልእክቱ፤ በ11ኛው ምዕራፍ፤ ሴት ስትጸልይ ራስዋን እንድትሸፍን አስተምሮአል። በኢትዮጵያም ክርስቲያኒቱ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች፤ ወንዱም ሴቱም ነጠላውን በመስቀል አምሳል ያጣፋል። ልብስ ያለ ቃል ይናገራልና፤ በኀዘን ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ ተገልብጦ ይለበሳል። ሙስሊሚቱም በቁርኣን በ24ኛው ምዕራፍ ስለ ተጻፈው ትእዛዝ ትሸፈናለች፤ ሥርዓቱን የምትጠብቅ ባለባል አይሁዳዊትም ጠጕርዋን ትሰውራለች።

ነገር ግን በፈቃድ ካልሆነ መከናነብ ፍሬ የለውም። በኢራን አገር ሬዛ ሻህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. ሴቶች መሸፈኛቸውን እንዲጥሉ አዘዘ፤ ፖሊሶችም ከራሳቸው ላይ ገፈፉ፤ ከቤት መውጣትን የተዉም ነበሩ። ከ1979 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደግሞ፤ በ1983 ዓ.ም.፤ ያልተሸፈነችው እንድትቀጣ ሕግ ወጣ። የፊተኛውም የኋለኛውም ትእዛዝ የሴቲቱን ልብ አልጠየቀም።

ስለዚህ ሳትከናነብ ወደ ደጀ ሰላም የመጣች ልጅ ብትኖር፤ እናቶች ነጠላ ያካፍሏት እንጂ በዘለፋ አይመልሷት። በዘለፋ የተመለሰች ልጅ ነጠላ ፍለጋ አትሄድም፤ ከነአካቴው ትቀራለች እንጂ። በፍቅር የተቀበሏት ግን ምክንያቱን ጠይቃ ትረዳለች፤ ከዚያም ወዲያ የምትከናነበው ወዳ ነው።

ልዑል እግዚአብሔር ለሁሉ የልብ ትሕትናን ያድል። አሜን።