ድምፅን አዘጋጅቶ ስለ ማቅረብ ሙያ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ፖድካስት የሚባለውን የድምፅ ዝግጅት ብዙዎቻችን በየስልካችን እንሰማዋለን፤ እንደ ምን እንደሚሠራ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ቃሉን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. በጋዜጣ ላይ የጻፈው ቤን ሐመርስሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ከራዲዮ የሚለየው ሰሚው ሰዓት ሳይጠብቅ ከኢንተርኔት አውርዶ በፈለገው ጊዜ መስማት በመቻሉ ነው።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጣቢያ ብሥራተ ወንጌል፣ በ1969 ዓ.ም. መንግሥት እስኪወርሰው ድረስ በብዙ ቋንቋ ያሰማ ነበር። ፕሮግራሙም ሁሉ አዲስ አበባ ላይ አልተዘጋጀም፤ በየአገሩ በተቋቋሙ ስቱዲዮዎች የየአገሩ ሰዎች በቋንቋቸው እየቀዱ ቴፑን ይልኩ ነበር። ከዚህ ታሪክ እኛ የምንወደው ይኸንኑ ነው።

ትምህርት ቤታችን የቀድሞ መምህራንን ቃል ለመቅዳት አስቧል። ባለሙያዎች ደግሞ በዋጋ ዝግጅቱን ሠርተው ያስረክባሉ፣ ያሠለጥናሉ፣ ያማክራሉም። የወላጆች ገንዘብ በየትኛው ላይ ይዋል? በሥልጠናው ላይ ነው እንላለን።

ጥበቡ በመሣሪያው ውስጥ ያለ ይመስላል፤ አብዛኛው ግን በጆሮ ውስጥ ነው። ግድግዳው ባዶ የሆነ ሰፊ ክፍል ያስተጋባል፤ ውድ ማይክሮፎንም ይኸን አያድንም። ብርድ ልብስና ጋቢ የተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ግን በተራ ማይክሮፎን እንኳ ጥሩ ይቀዳል። አፍና ማይክሮፎን አንድ ስንዝር ያህል ይራራቁ፤ በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ግፊት በግማሽ ይቀንሳልና። ከንግግሩም በፊት የክፍሉን ጸጥታ ብቻ ግማሽ ደቂቃ መቅዳት ይገባል፤ በኋላ ቃል ተቆርጦ ሲወጣ ክፍተቱ በዚሁ ይሞላል።

ከሁሉ የሚያሳስበን መቁረጡ ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ ተናጋሪው ነገሩን ይደግፈው ወይም ይቃወመው እንደሆነ የሚለየው ብዙ ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። የሽማግሌ ንግግር ረዝሞበት መሐል ላይ የሚቆርጥ ሰው፣ «አልተቀበልንም» ያሉትን ሰው እንደ ተቀበሉ አድርጎ ያስቀራቸዋል። ብዙ ሥራ የሚያጣድፈው ድርጅት እዚህ ላይ ሊቸኩል ይችላል፤ ያስተማሩትን ሰው ድምፅ የሚያውቅ ተማሪ ግን ደጋግሞ ያዳምጣል።

ለሰሚው ኪስም ማሰብ አለ። በሴኮንድ በ128 ኪሎቢት የተዘጋጀ የግማሽ ሰዓት ንግግር 29 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል፤ በ64 ኪሎቢት ቢሆን ግን ከ15 ያንሳል፣ ለንግግርም ይበቃል። ሙዚቃ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርን! የሰሚ ቁጥር ስለ ማብዛት ብቻ የሚናገር አማካሪ ይኸን ላያነሣው ይችላል፤ ስለዚህ ምክር ስንገዛ እኛው እንጠይቅ።

የምንለምነው ሁለት ማይክሮፎን፣ የቤተ መጻሕፍቱን ጓዳና ለአንድ ክረምት የሚያሠለጥን አንድ ባለሙያ ነው። ቀረጻው ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲተው፣ በጥቅምት ይጀመር፤ መምህራኑ አርጅተዋልና ከዚያ አይዘግይ። ያን ጊዜ እኛ ከዚህ ስለማንኖር ሠልጣኞቹ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ይመረጡ።