ለዕውቀት ባሕር ለሚሻገሩ ልጆቻችን



ከእንጦጦ ማርያም ሥር፣ ከጉለሌ ብርድ ተነሥታችሁ በሰው አገር ለመማር የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች፤ አንድ የጥንት ነገር ላስታውሳችሁ።

የካይሮው አል-አዝሀር ለወገኖቻችን እንግዳ ቤት አልነበረም። ከሐበሻ ምድር የሄዱ የጀበርቲ ተማሪዎች በዚያ የራሳቸው ሪዋቅ ነበራቸው። ሪዋቅ ማለት የአንድ አገር ልጆች በአንድ ሸይኽ ኃላፊነት ሥር አብረው የሚያድሩበትና የሚረዳዱበት ቦታ ነው። በ1798 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች ግብፅን ሲወርሩ ያዩትን ጽፈው ያቆዩልን የታሪክ ጸሐፊው ሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የዚህ ሪዋቅ አለቆች ዘር ናቸው።

ልብ በሉ! እንግዳው ተማሪ ከተማውን የለመደው በብልህነቱ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የደረሰ ወገን በር ከፍቶ ስለተቀበለው ጭምር ነው። ሪዋቁ ግን ማደሪያ እንጂ አጥር አልነበረም፤ ትምህርቱ ከሌላው አገር ልጅ ጋር ነበር። እናንተም ስትደርሱ ቀድመው የገቡትን ፈልጉ፤ ነገር ግን ከእነርሱ ጋር ብቻ ተዘግታችሁ አትቅሩ። ቋንቋውን ከጎረቤትና ከገበያ ልመዱ። ሲከብዳችሁም ለወላጆቻችሁ አትደብቁ።

እኛ የቀረነውስ? ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረር ለትምህርት የመጣ ልጅ በሰፈራችን ማደሪያ አጥቶ ሲንከራተት አይተን ካለፍን፣ የእኛን ልጅ በሰው አገር ማን ይቀበልልናል? ሪዋቅ የሚጀመረው ከደጃችን ነው።

አላህ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም።