ስለ ቤት ውስጥ ምርጊትና ስለ ወባ መድኃኒት
(በሠፈራችን መረዳጃ ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለስብሰባ የማይበቃ ሊመስል ይችላል። ስለ ግድግዳ ምርጊት ነው። «ምርጊት ደግሞ ማን ያስተምረናል? ከእናቶቻችን የወረስነው አይደለም ወይ?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። እውነት ነው፤ በሙያው የምትበልጡን ብዙ ናችሁ። የኛ ነገር ስለሚመረግበት ጊዜ ነው።

ከራሳችን እንጀምር። አንድ ክረምት የወባ መድኃኒት ረጪዎች መጥተው ቤታችንን ረጭተው ሄዱ። ግድግዳው ላይ ነጣ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ቀረ፤ ሽታውም አላስደሰተንም። ጳጉሜ ሲገባ፣ በዚህ ግድግዳ በዓል እንዴት ይዋላል ብለን ጭቃ አቡክተን ከላይ እስከ ታች መረግንበት። ሴቶቻችን በጣታቸው ሐረግ የመሰለ ጌጥ አወጡለት፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አደነቀ። ጥቅምት ላይ ሁለት ልጆች በወባ ተኙብን። ሕክምና ደርሶላቸው ድነዋል። ምርጊቱ ብቻ ነው ያሳመማቸው ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን መድኃኒቱን በገዛ እጃችን ጭቃ ውስጥ ቀብረነዋል፤ ይኸን አንክድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምትነክሰው ሴቷ የወባ ትንኝ ናት። ደም ከጠጣች በኋላ ስለሚከብዳት ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። መድኃኒቱ የሚጠብቃት እዚያ ነው። ስታርፍ እግሯ ይነካዋል፣ ትሞታለች። እንግዲህ በላዩ ላይ አንድ ጣት የሚሞላ ጭቃ ከለጠፍንበት ትንኟ የምታርፈው በንጹሕ ጭቃ ላይ ሆነ ማለት ነው። ኖራ ወይም ቀለም ቢቀባበትም ያው ነው። ደግሞም የጭቃ ግድግዳ መድኃኒቱን ወደ ውስጥ ስለሚመጠው፣ ባይነካም እንኳ ከተቀባ ግድግዳ ይልቅ ቶሎ ይደክምበታል። በዚያ ላይ እኛ ስንጨምርበት ምን ይተርፋል?

ይህ ሜዳችን ደግሞ ከወባ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። በአገራችን የወባ መቆጣጠር ሥራ በመጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የቆቦና የጨርጨር ሜዳ ነው። ጊዜውም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ሲሆን፣ ቤት ለቤት የሚረጨው ዲዲቲ ነበር። በ1958 (እ.ኤ.አ.) በአገሪቱ በተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተጽፏል። በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ዲዲቲን ትንኟ ስለተላመደችው በኋላ በሌሎች መድኃኒቶች ተተክቷል። መድኃኒቱ ይለወጥ እንጂ የሚረጨው ያው ግድግዳ ላይ ነው።

እንግዲያው አትምረጉ ልንል ነው? አይደለም። የተሰነጠቀ ግድግዳ የትኋን ቤት ነው። ጭቃም የድሃ ነገር ነው ብሎ ማፈር አያስፈልግም። በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ያረፉት በጭቃና በጭድ በተመረገ ግድግዳ ላይ፣ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ደህና የተሠራ ጭቃ ዘመን ይሻገራል።

ስለዚህ የምንለው፣ ምርጊቱ ከርጭቱ በፊት ይለቅ ነው። ዋናው ርጭት አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው በክረምቱ መግቢያና በክረምቱ ውስጥ ስለሆነ፣ ግንቦት ላይ ቢጀመር መልካም ነው። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከቀይ አፈርና ከወንዝ አሸዋ ጋር መቀላቀል አለበት። የጤፍ ጭድ ገብቶበት በደንብ ተረግጦ፣ ውሃ እየተጨመረበት ቢያንስ ለጥቂት ቀናት ይቦካ። የቸኮለ ጭቃ ግድግዳ አይዝም። መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ለጥፎ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ተሰንጥቆ ከተገኘ ጭድ ወይም አሸዋ ይጎድለዋል። የኛ ቆላ ፀሐይ ግንቦት ላይ እሳት ስለሆነች፣ በጠዋትና ወደ ማታ ቢመረግ፣ አሮጌውም ግድግዳ አስቀድሞ ውሃ ቢረጭበት ይሻላል። የመጀመሪያው እጅ ሳይደርቅ ሁለተኛውን መደረብ ትርፉ መፈርፈር ነው። የመጨረሻው በወንፊት የተነፋ አፈርና እበት ሆኖ፣ ገና እርጥብ ሳለ ጌጡ ይወጣለታል። በሲሚንቶ ልለስን የሚል ካለ፣ ጭቃና ሲሚንቶ በአንድ ላይ ስለማያብጡና ስለማይሸሹ፣ ሽቦ ሳይመታበት ከቆይታ በኋላ እንደ ቅርፊት እንደሚነሣ ይወቀው።

ርጭቱ ካለፈ በኋላ ግን ቢያንስ ስድስት ወር የውስጡን ግድግዳ አንንካ። እንቁጣጣሽም፣ መስቀልም፣ ዒድም በዚያ መሐል ሊውል ይችላል። እማማዎች አትቆጡን፤ የውጩን ግድግዳ መምረግና ማስጌጥ አይከለከልም፣ ወለሉን በእበት መለቅለቅም አይከለከልም። ግድግዳውን በጋዜጣ ወይም በጨርቅ መሸፈን ግን ያው ምርጊት ነው። በተረጨ ዕለትም ምግብና ዕቃ አስቀድሞ ይውጣ፤ ሕፃናት ቢያንስ ለ2 ሰዓት ወደ ቤት እንዳይገቡ ይጠበቁ፣ ወለሉም ይጠረግ። አጎበር ያለው ሰው ርጭት ተደርጓል ብሎ አጎበሩን አይጠቅልል።

አቅመ ደካማ የሆኑና ግንቦት ላይ ቤታቸውን መምረግ የማይችሉ አባሎቻችን ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግቡ። ጭቃውን በደቦ እንረግጣለን፤ ጭድ የተረፈው ሰው አንድ ሸክም ቢያመጣ፣ አህያ ያለውም ውሃ ቢያመላልስ ይበቃናል።