መጽሐፍ የሚያውቅ ሰውና መጽሐፍ የሚቆጥር መሣሪያ

(በንባብ ቤት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ መጻሕፍት መደብርና ስለ ኮምፒዩተር ነው። የእኛ ሥራ ድረ ገጽ መሥራት ነው። ድረ ገጽ ማለት በኮምፒዩተር ወይም በስልክ መስኮት ላይ የሚነበብ ገጽ ነው። ሸማኔ ክርን ከክር እንደሚያገናኝ እኛም አንዱን ገጽ ከሌላው ገጽ ጋር እናገናኛለን። በእነዚህ ገጾች ብዙ ነገር ይሸጣል። መጽሐፍም ይሸጣል። ታዲያ መጽሐፍ በስልክ ከተገዛ የመጻሕፍት መደብር ምን ይሁን? እስቲ ነገሩን አብረን እንመልከተው።

መደብር ግድግዳ አለው። መደርደሪያው ከሞላ ሌላ መጽሐፍ አይገባበትም። ባለ መደብሩ የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ይከፍላል። ድረ ገጽ ግን የሚያሳየው ዝርዝር ብቻ ነው። መጽሐፉ የሚቀመጠው ራቅ ብሎ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ ነው። ገዢው ያዛል፤ ይከፍላል፤ መጽሐፉ በፖስታ ይደርሰዋል። አማዞን የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በዚህ መንገድ መጽሐፍ መሸጥ የጀመረው በ1995 ነው። እዚህ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ነገር ጥቅም የለውም አንልም። ከመደብር ርቆ ለሚኖርና የሚፈልገውን መጽሐፍ ስም ለሚያውቅ ሰው ጥቅሙ ትልቅ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። አንዳንዱ ሰው መደብር ይገባል። መጽሐፉን ያገላብጣል። ሻጩን ምክር ይጠይቃል። ከዚያ ስልኩን ያወጣና ዋጋው ቀነስ ካለበት ድረ ገጽ ያዛል። ይህን እናንተ ከገበያ ታውቁታላችሁ። አንዱ መጥቶ ጤፉን በእጁ ዘግኖ፣ አይቶ፣ አስመዝኖ፣ ከሌላው ገዝቶ ቢሄድ ምን ትላላችሁ? አንድ ሰው ቢሆን ግድ የለም። ሁሉም እንዲህ ካደረገ ግን ባለ ጤፉ በሚመጣው ቅዳሜ ገበያ አይወጣም።

በአሜሪካ የደረሰውን እንንገራችሁ። ሚቺጋን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ አን አርበር በምትባል ከተማ፣ ሁለት ወንድማማቾች በ1971 ቦርደርስ የተባለውን የመጻሕፍት መደብር ከፈቱ። መደብሩ አደገ፤ በመላ አገሩ ቅርንጫፍ አወጣ። በ2001 ግን የድረ ገጽ ሽያጩን ለአማዞን አስረከበ። ገዢዎቹን በገዛ እጁ ወደ ተወዳዳሪው ደጅ መራ ማለት ነው። በ2008 ሥራውን ወደ ራሱ ሲመልስ ጊዜው ረፍዶ ነበር። ዕዳም ከብዶት ነበር። በ2011 የቀሩትን 399 መደብሮች ዘጋ። 10,700 ያህል ሠራተኞች ሥራ አጡ።

መደብር ሲዘጋ የሚጠፋው ቤቱ ብቻ አይደለም። መጽሐፍ የሚያውቅ ሰውም አብሮ ይጠፋል። ሰዎች «ኮምፒዩተር ሁሉን ያውቃል» ይላሉ። ትእዛዙን የምንጽፍለት እኛ ግን ነገሩን እናውቀዋለን። የሽያጭ ድረ ገጽ የሚመክረው በአብዛኛው እየቆጠረ ነው። ይህን መጽሐፍ የገዛ ሰው ሌላ ምን እንደ ገዛ ቆጥሮ ያንኑ ለእናንተ ያሳያል።

የፊደላችንን ምሳሌ እንውሰድ። ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚጠቀሙበት፣ ዩኒኮድ የሚባል የፊደላት ዝርዝር አለ። የእኛ ፊደል እዚያ የገባው በ1999 ነው። በዝርዝሩ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ቁጥራቸው ግን ይለያያል። እናንተ «ፀሐይ» ብላችሁ ብትጽፉ፣ መጽሐፉ ደግሞ «ጸሀይ» ተብሎ ተመዝግቦ ቢሆን፣ ባለሙያው አስቀድሞ ካላዘዘው በቀር ኮምፒዩተሩ «የለም» ይላችኋል። የመደብሩ ሰው ግን በጆሮው ሰምቶ ያወጣላችኋል። ስሙን ብትረሱት እንኳ «ስለ ንብ እርባታ የሚናገረው» ብትሉት ይበቃዋል።

ታዲያ መደብር ሁሉ ጠፋ ወይ? አልጠፋም። የአሜሪካ መጻሕፍት ሻጮች ማኅበር አባላት በ2009 የነበሯቸው መደብሮች 1,651 ነበሩ። በ2015 ግን 2,227 ደረሱ። አብዛኞቹ ትንንሽ መደብሮች ናቸው። በምን በረቱ? አንደኛ፣ የአካባቢያቸውን አንባቢ ፍላጎት ለይተው ያውቃሉ። ሁለተኛ፣ ደራሲ ይጋብዛሉ፤ አንባቢዎችን ሰብስበው ያወያያሉ። ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተሩን አልሸሹትም። ያላቸውን መጽሐፍ ይመዘግቡበታል፤ የራሳቸውን ድረ ገጽ ከፍተው ይሸጡበታል። አንባቢዎቻቸውም አልተለዩአቸውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ መሣሪያውን አትፍሩት፤ አታምልኩትም። የምትፈልጉት መጽሐፍ በአቅራቢያችሁ ከሌለ በስልክ መፈለግ መልካም ነው። «የለም» ቢላችሁ በሌላው ፊደል ጽፋችሁ ደግማችሁ ጠይቁት። አሁንም ካላገኘ መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ያ ሰው ከመከራችሁና መጽሐፉም ከቤቱ ካለ፣ ከእርሱው ግዙ። ነገ ሌላ መጽሐፍ ስትፈልጉ በሩ ክፍት ሆኖ እንድታገኙት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመደብር መግዛትና በድረ ገጽ መግዛት ጥቅማቸውና ጉዳታቸው ምንድን ነው?
2. ቦርደርስ የተዘጋው ለምንድን ነው?
3. ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ያሏቸውን ሦስት ቃላት በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ጻፉ።