በጥቂት ገንዘብ ሌንስ ስለ መምረጥ



ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ያለ ጥፋቱ ይናቃል። የእንጦጦን ዳገትና በጥር 11 ቀን ጃንሜዳን የሚሞላውን ሕዝብ በ18 አስፍቶ ያነሣል።

ችግሩ የሚመጣው ሽሮ ሜዳ ከሸማኔው ቤት ሲገቡ ነው። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ ሰዶ፣ በአንዲት መስኮት ብርሃን ይሠራል፤ እጁም አያርፍም። ያ ሌንስ በ55 ላይ ቀዳዳው ከ5.6 አይሰፋም። እስከ 1.8 የሚከፈተው የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል፤ ዋጋውም ከአዳዲሶቹ ሌንሶች ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው። ስለዚህ ገንዘባችን ለአንድ ተጨማሪ ሌንስ ብቻ ከበቃ እርሱን እንግዛ እላለሁ። የሰው ፊት ለሚያነሣም ይስማማል፤ በጠባብ ቤት ወደ ኋላ መሸሻ ማሳጣቱን ግን አልሸሽግም።

በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አበባ በቅርብ ለማንሣት፣ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ መስተዋት የሌለው ባዶ ቀለበት ይበቃል። ወፍ የሚወድ ወንድማችን ይቅርታ ያድርግልኝ፤ ለእርሱ ርካሽ መንገድ አላገኘሁለትም።

አሮጌ ሌንስ የሚገዛ ሰው ወደ ብርሃን አቅንቶ ውስጡን ይመልከት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየ ሻጋታ ነውና፣ ሻጩ «ይጠረጋል» ቢለውም ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።