እሳቱ ይቅር፣ ሮኬቱ ይቆይ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው እሑድ ያደረግነው ንግግር ላልተገኙት እንዲደርስ በጽሑፍ ይውጣ ስለ ተባለ፣ እነሆ በዚህ ሰሌዳ ላይ አውጥተነዋል።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። ጥቂት ልጆች የክብሪት ራስ እየፋቁ በብረት ቧንቧ ውስጥ ሲያጠራቅሙ ተገኙ። ምንድን ነው ቢባሉ «ሮኬት ነው» አሉ። እግዜር ሰውሯቸው ሳይለኮስ ተደረሰ። ከዚያ በኋላ ገሚሱ ወላጅ «ሮኬት የሚባል ነገር በዚህ ሰፈር እንዳይነሣ» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ልጅ ታዲያ ምን ያድርግ?» አለ። አንዲት እናት «ብትከለክሉት ጓዳ ይገባል፤ ብታሳዩት ሜዳ ይወጣል» ያሉት ነው ለኮሚቴያችን መንገዱን ያሳየው። እኛም የሰፈራችንን የሳይንስ አስተማሪ አማክረን የደረስንበት ይኸው ነው፤ እሳቱ ይቅር፣ ሮኬቱ ይቆይ።

በመጀመሪያ ስለ እሳቱ። የክብሪት ራስ በተዘጋ ብረት ውስጥ ሲነድ ጋዙ መውጫ ያጣና ብረቱን ይበጣጥሰዋል። ይህ ሮኬት ሳይሆን ቦምብ ነው። ገና ሲፋቅም በመፋተግ ብቻ ሊቀጣጠል ይችላል። ጣትና ዓይን ደግሞ ከሱቅ አይገዛም።

ይህ ጣጣ በኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ በአሜሪካ ወጣቱ ሁሉ በየጓዳው ነዳጅ መቀመም ጀመረ፤ ብዙዎችም ተጎዱ። መላውን ያመጣው ማን መሰላችሁ? ነብራስካ ውስጥ በኖርፎክ ከተማ የጫማ መደብር የነበረው ኦርቪል ካርላይል ነው። ይህ ሰው ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1954 ቀላል ትንሽ ሮኬት ሠርቶ ነበር። ባሩዱ አስቀድሞ ታሽጎ ይጎርሳል፤ ሮኬቱም በጃንጥላ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሃሪ ስታይን ከሚባል የሮኬት ባለሙያ ጋር ተባብሮ ነገሩ በደንብ ተያዘ። የደንቡ ፍሬ ነገር ሁለት ነው፤ ማንም ራሱ ባሩድ አይቀምም፤ ሰውነቱም ከወረቀት፣ ከእንጨትና ከፕላስቲክ እንጂ ከብረት አይሠራም።

ያ የታሸገ ባሩድ በሰፈራችን ሱቅ የለም። ስለዚህ የኛ ልጆች ሮኬት በውኃና በአየር ይሄዳል።

እንዴት ቢሉ፣ ጠመንጃ ሲተኮስ ጥይቱ ወደ ፊት ሲሄድ ሰደፉ ትከሻን ወደ ኋላ ይገፋ የለም? ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 የጻፈው ሕግ ይኸው ነው። ጠርሙሱ ሲሶው ውኃ ይሆናል፤ በቀረው ውስጥ አየር በመንፊያ ይታመቃል። ውታፉ ሲለቅ አየሩ ውኃውን ወደ ታች ይተፋዋል፤ ጠርሙሱ ወደ ላይ ይወነጨፋል። ትልቁም ሮኬት የሚሄደው በዚሁ ሕግ ነው፤ እሱ የሚተፋው የጋለ ጋዝ ነው እንጂ።

ልጆቹ አምሳሉን ለመሥራት የመረጡት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችንን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ያመጠቀውን ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለውን ሮኬት ነው። የዋናው ወገብ 3 ሜትር ከ35 ሳንቲ ሜትር ነው። የ1 ሊትር ተኩል የለስላሳ ጠርሙስ ወገብ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 37 ጊዜ ማሳነስ ነው። የዋናው ቁመት 45 ሜትር ያህል ነው፤ ለ37 ሲካፈል 1 ሜትር ከ20 ይመጣል። እነሆ ልጆቹ ማካፈልን በጨዋታ ተማሩ ማለት ነው።

ግን ልብ በሉ፤ መልክ ይታነሳል፣ ጠባይ አይታነስም። ዋናው ሮኬት የሞተሮቹን አፍ እያዘነበለ ራሱን ያቀናል። የኛው እንዲህ ያለ መሪ የለውም። ስለዚህ ምንም መልኩን ቢያበላሽ ከጅራቱ ሰፋ ያለ የካርቶን ክንፍ፣ ከአፍንጫው ደግሞ ትንሽ የጭቃ ክብደት ያስፈልገዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ባዶውን ሚዛኑ የሚቆምበት ቦታ ላይ በሲባጎ አስሮ ማዞር ነው። አፍንጫው ከቀደመ ይበራል፤ ከተገላበጠ ክብደት ይጨመርለት ወይም ክንፉ ይስፋ።

እንግዲህ ኮሚቴው የወሰነው ደንብ ይህ ነው፦

1ኛ. ጠርሙሱ የለስላሳ ይሁን። የሃይላንድ ውኃ ጠርሙስ ስስ ስለሆነ ይፈነዳል። የተጫረ፣ የተጣመመ ወይም እሳት የነካው አይሆንም። አየር የሚታመቅበት ጠርሙስ አይበሳም፣ አይቆረጥም፤ ቁመቱ የሚቀጠለው በሌላ ጠርሙስና በካርቶን ነው።

2ኛ. ውታፉ የቡሽ ይሁን፤ በመካከሉ የኳስ መንፊያ መርፌ ይለፍበት። ውታፉ በሽቦ አይታሰርም፤ አየሩ ሲበዛ ራሱ መልቀቅ አለበት።

3ኛ. የመንፊያው ቱቦ ከ3 ሜትር አይነስ። የሚነፋው አዋቂ ነው። ልጆች 10 እርምጃ ይራቁ።

4ኛ. አልነሣም ካለ ማንም አይጎንበስበት። ቱቦው ከመንፊያው በኩል ተፈትቶ አየሩ እስኪወጣ ይጠበቅ።

5ኛ. ቦታው ሜዳ ብቻ ነው፤ የመብራት ሽቦ ባለበትና በጣሪያ መካከል አይሆንም።

ከፍታውን ለማወቅ የሚሻ ልጅ 20 ሜትር ርቆ ይቁም። ፕሮትራክተር ላይ ክር አስሮ ጠጠር ያንጠልጥልበት። ሮኬቱ ጫፍ ሲደርስ በ45 ዲግሪ ከታየው፣ ከፍታው 20 ሜትርና እስከ ዓይኑ ያለው የራሱ ቁመት ነው። ይህን በደብተር ይመዝግብ።

ወላጆች ሆይ! ከእናንተ የምንለምነው ብዙ አይደለም። ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አትጣሉ፤ ለልጆቹ ስጡ። ክብሪት ግን ቆልፉ። ሁለት አዋቂዎች ደግሞ በየእሑዱ ተራ ይግቡ፤ መመዝገቢያው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል። ተራ የሚገባ ከጠፋ ሜዳው ይዘጋል፤ ልጆቹም ወደ ጓዳ ይመለሳሉ። ያንን ደግሞ ማናችንም አንፈልገውም።

የመጀመሪያው ማስወንጨፊያ በሚመጣው እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ መጥታችሁ እንድታዩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው